ከመጋዘኔ ሥር የነበረው መጋዘን

ሥራ የጀመርሁት ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ቢቸና ገበያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ጆንያ መውጋት ሆነ። አሠሪዬ ጋሼ አድማሱ አንድ ሹል ቱቦ ሰጡኝ፤ ጆንያው ላይ ሲሰኩት ከመሐል እህል ይዞ ይወጣል። እኔ ግን የጆንያውን አፍ ፈትቼ፣ ነጩን ጤፍ አይቼ፣ «ማለፊያ ነው» አልኋቸው።

«አፉንማ ሻጩም አሳምሮታል» አሉኝ። «አፍ አትመን። ሆዱን ጠይቅ።»

ወጋሁት። ከሆዱ ሰርገኛ ጤፍና አሸዋ ወጣ። ሻጩ ሰማይ ሰማዩን አየ።

በዚያ ቱቦ ብዙ ዓመት እንጀራ በላሁ። የቢቸናንም የግንደወይንንም ጆንያ ወጋሁ። ከተማ ባቋረጥሁ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ የዚህም አፉ ቆርቆሮ ነው፣ ሆዱን ማን ወግቶት ያውቃል እላለሁ። ገበያተኛው እንዲህ የምፈዝ መሆኔን ቢያውቅ ኖሮ ዋጋ ይጨምርብኝ ነበር።

ኋላ ሞጣ ገባሁና የራሴን መጋዘን የምሠራበት ቦታ አገኘሁ። ጊዜው ግንቦት ነው። የገዛሁት ስንዴ ሜዳ ላይ ሸራ ለብሶ ተቆልሏል፤ ጣሪያው ዝናቡን ካልቀደመ ያለኝ ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል። ግንበኛው ደምሴ ይህን ስለሚያውቅ መሠረቱን ከማለዳ ጀምሮ ያስቆፍራል።

እኔ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚወጣውን አያለሁ። መጀመሪያ ፌስታልና የቢራ ቆርኪ ወጣ፤ ይህ የኛ ዘመን ነው። ክንድ ያህል ሲወርዱ የጥይት ቀለሃ፤ የደርግ ጊዜ ይሆናል። ከዚያ የጣልያን ጊዜ የሚመስል የዛገ ጣሳ። ከዚያ በእጅ የተቀጠቀጠ ሚስማር፣ ከዚያ አመድ፣ ከአመዱ ሥር ገል። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ከተማው ወደ ኋላ ሲሄድ የማየው መሰለኝ። ቆርቆሮው ሣር ሆነ፣ መንገዱ የከብት ዱካ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና አልተሰቀለም፣ ጫካው ብቻ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ?» አለኝ ደምሴ። «ጉድጓድ አገኘን።»

ወረድሁ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው በጭቃና በእበት የተለሰነ የእህል ጉድጓድ ነው። ከሱ በታች ባለው አፈር ደግሞ እንደ ምላጭ የተሳሉ ጥቋቁር የባልጩት ድንጋዮች ተሰክተዋል።

«እንሙላው» አለ ደምሴ። «ለቅርስ ቢሮ ከተናገርን ቁሙ እንባላለን። ዝናብ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም።»

እውነቱን ነው። «ሙላው» ልል አፌን ስከፍት፣ በዚያ የሚያልፉ የቅኔ መምህር፣ የሰፈራችን መሪጌታ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

«አንተ ነጋዴ፣ ይህን ምን ትለዋለህ?»

«ጉድጓድ ነዋ፣ የኔታ።»

«ለሁለት ክፈለው እስቲ።»

«ጉድ... ጓድ።»

«ጉዱን ደምሴም አይቶታል። ጓዱ ግን ያንተ ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደግሜ አየሁ። ከጉድጓዱ ወለል ላይ የከሰለ እህል ነበር፤ እፍኝ አይሞላም። የጉድጓዱ ባለቤት እንደኔ ገዝቶ ያስቀመጠው ይሁን አርሶ፣ አላውቅም። ክረምትን ግን እንደኔ ፈርቷል።

«ግድግዳውን ሦስት እርምጃ ወደዚህ አምጣው» አልሁት ደምሴን።

«ስንዴው እኮ ግማሹ ውጭ ሊከርም ነው።»

«ይክረም።»

ለቅርስ ቢሮውም አመለከትሁ። ዝናቡ ግን ሰኔን አልጠበቀም። ጣሪያው ደረሰ፤ የጠበበው መጋዘን ግን ሁሉን አልያዘም። ውጭ የቀረው ስንዴ ሸራው ሥር ረጥቦ፣ ጆንያውን በስቶ በቀለ። አንድ ማለዳ ብወጣ ቁልሉ እንደ ኮረብታ ለምልሟል። ኪሳራ እንዲያ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

የቢሮው ባለሙያ መንገዱ ሲደርቅ መጣ። ጉድጓዱን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ባልጩቶቹን በከረጢት ያዘ።

«ጉድጓዱ የኋላ ዘመን ነው» አለኝ። «ባልጩቱ ግን ብረት ሳይኖር ሰው ቆዳ የፋቀበት ይሆናል። ቅድመ ታሪክ ነው።»

«ቅድመ ታሪክ ምንድን ነው?»

«መጻፍ ሳይጀመር የነበረ ዘመን።»

«እኔም ደረሰኝ መጻፍ የጀመርሁት ዘንድሮ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎንም ልመዝግብዎ» ብሎ ሳቀ።

ጉድጓዱ ዛሬም መጋዘኔ ጎን ቆርቆሮ ተከድኖ አለ። የእህል ንግድ ለምትጀምሩ የምላችሁ ይህን ነው፤ መጋዘን ስትሠሩ መሠረቱን በመጋቢት ቆፍሩ። ከእግራችሁ ሥር ማን እንዳለ አይታወቅም።