ማንም ያልጠየቀኝ ክኒን

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ ሳስተምር ቤቴ ከተማው ውስጥ ነበር። መንገዱ መኪና አያስገባም፤ ሲኬድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲመጣም ያው ነው። ባገባሁበት ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ጭቃ አንሸራተተኝና ወገቤ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሳልውጥ ሰሌዳ ፊት መቆም አቃተኝ። መድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ይሰጠኛል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እውጣለሁ። ከካርቶኑ ውስጥ የምትወጣውን ወረቀት እንኳ ዘርግቼ አይቻት አላውቅም።

አራት ዓመት ሙሉ ልጅ አጣን። የባለቤቴ እናት ጠበል ለጠበል ይዘውኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አሉኝ አንድ ቀን ከጠበል ስንመለስ።

«ኧረ እማማ፣ ምን እደብቅዎታለሁ?»

ቀድመውኝ ሄዱ። ጥያቄያቸው አንገበገበኝ።

ክሊኒክም ሄድኩ። ሽንቴን፣ ደሜን፣ ማሕፀኔን አዩ። ባለቤቴም ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ተመረመረ። «ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ» ተባልን። ጤነኛ ከሆንኩ ታዲያ ምን ሆኜ ነው? የሚመልስልኝ አጣሁ።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወደምትሠራ የማሕፀን ሐኪም ወረድኩ። የመኪናው መንገጫገጭ ወገቤን ስለቆረጠው፣ ሐኪሟ ፊት እንደተቀመጥኩ ክኒኔን አውጥቼ ዋጥኩ።

«ምንድን ነው የዋጥሽው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትወስጂው?»

«በየቀኑ። አራት ዓመት አልፎኛል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይኼን ለሐኪም ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ጠየቀኝና!»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እንቁላሉ በየወሩ ከተቋጠረበት ወጥቶ መሄድ አለበት፤ እንዲህ ያለው ማስታገሻ በየቀኑ ሲወሰድ አንዳንድ ሴቶች ላይ መውጫውን ሊያዘገየው፣ ሊያስቀረውም ይችላል። «ያንቺ ምክንያት እሱ ነው ብዬ አልምልልሽም» አለችኝ። «ግን ሲያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ለወገብሽ ሌላ ዘዴ እንፈልግ።»

መደሰት ሲገባኝ ተናደድኩ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ትዳሬም ስለ ኃጢአቴም ሲጠይቁኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ይበልጥ የተናደድኩት በራሴ ነው። ሌላውን አስተምራለሁ፣ አንዲት ወረቀት ግን አላነበብኩም።

ክኒኑን ተውኩ። ያለ ክኒን ግን መንገዱ አልሄድ አለኝ። ከተማ እንዲያዛውሩኝ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁ።

«ቅድሚያ ልጅ ላላቸው እናቶች ነው» አለኝ ኃላፊው።

«እኔ እኮ ልጅ ለማግኘት ነው የምለምንዎት!»

«መመሪያው ነው፣ እህቴ።»

ምን ላድርግ? ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ሐኪሟ ያሳየችኝን የወገብ እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ተኝቼ እሠራለሁ፤ የቤቱ ልጆች በበሩ እያጮለቁ ይስቁብኛል። ባለቤቴን የማገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆነ። ልጅ ፈልጌ ከባሌ መለየቴ ሲታሰበኝ ብቻዬን አለቅሳለሁ።

ክኒኑን በተውኩ በአሥረኛው ወር አረገዝኩ። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት፤ «ጠበሉ ነው!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሩ። አልተከራከርኳቸውም፤ ሐኪሟስ ብትሆን ክኒኑ ነው ብላ መቼ ምላልኝ? ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ዝውውሩም መጣልኝ። ደስታዬ ሙሉ ነበር ማለት ግን አልችልም። ያ አራት ዓመት እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።