በምራን የታሰረው መሪ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም ወደ ሰሌዳው ውጪ ስባል ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የአባቴንና የትራክተሩን ነገር ግን በአፌ ስላላወጣሁት በእጄ ልሞክረው። የማንንም ስም አልጽፍም።

ቤታችን ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ አፋፉ ላይ ነው። ማሳችን ደግሞ ከቤቱ በታች ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቀኝ በኩል ቋጥኝ፣ በግራ በኩል ገደል አለው። በሬ ያንን መንገድ ራሱ ያውቀዋል። ትራክተር ግን መሪው ወደመራው ነው የሚሄደው።

አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ትራክተሩን ሲገዛ አገሩ ሁሉ ሳቀበት። ትልቅ ነገር አይደለም። ከአንድ የተዘጋ የአበባ እርሻ የወጣ፣ ለጓሮ አትክልት የተሠራ፣ ቁመቱ ከወገቤ እምብዛም የማያልፍ አሮጌ ትራክተር ነው። አባቴ ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ከእኔ ሌላም ልጅ የለውም። ሞፈር ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት መውጣት መውረድ ሲከብደው «ከእንግዲህ ተቀምጬ አርሳለሁ» አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ተቀምጦ አረሰ።

በሁለተኛው ዓመት በልግ ሲገባ መሪው ላላ። ግማሽ ዙር ሲያዞረው ጎማዎቹ አይሰሙም፤ ከዚያ ድንገት እመር ብለው ይዞራሉ። አባቴ ትራክተሩን ደጅ አቆመው። ጎረቤታችን በሬዎቹን እየነዳ ባለፈ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«ምነው፣ የብረት በሬህ ዛሬም ተኛ?»

«ዕረፍት ላይ ነው» ይላል አባቴ።

«ገለባ ጣልለት እንጂ! ወይስ ከሰው ቤት ስለመጣ ያፍራል?»

አባቴ አብሮት ይስቃል። ጎረቤታችን ሲያልፍ ግን ፊቱ ይጠቁራል። መሬቱ ርሷል፤ የበልግ እርጥበት ማንንም አይጠብቅም። ማሳው ካልታረሰ የዓመት ገብስ የለንም። ሄዶ በሬ ከለመነ ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ እውነት ሆነ ማለት ነው። ከረሃቡ ይልቅ ይኸኛውን የፈራ ይመስለኛል።

ክሪክ ስላልነበረን የትራክተሩን ፊት በአጣና ፈንቅለን በድንጋይ አስደገፍነው። እጄ ቀጭን ስለሆነ ከሥር የምገባው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከላይ መሪውን ግራ ቀኝ ያደርጋል፤ እኔ ጣቴን መጋጠሚያዎቹ ላይ አሳርፌ የሚንገጫገጨውን እፈልጋለሁ። የደረቀ ግራሶና ጭቃ ፊቴ ላይ ይረግፋል።

«እዚያ ጋስ?»

«ይንቀሳቀሳል።»

«ወዲህስ?»

«እዚህም።»

«አንድ ደህና ነገር አጥተሽ ነው?»

ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ፒኖች በአንድ ጎናቸው ተበልተው የተጋጠ አጥንት መስለዋል። ፒኖቹ የሚገቡባቸው ቀለበቶች፣ ቡሾቹም፣ ሰፍተዋል። የከፋው ግን መሪውን ከግራው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ነበር። እዚያ ጫፍ ላይ፣ ጎድጓዳ ብረት ውስጥ የምትዞር እንደ ብይ ያለች ኳስ አለች። ጎድጓዳው ከመስፋቱ የተነሳ ኳሷ በጣት ስትሳብ ትወጣለች።

የፈታነውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ፒኖቹንና ቡሾቹን አዲስ አድርጎ አወጣቸው። የዘንጉን ጫፍ ግን አገላብጦ መለሰልኝ።

«ቢበየድስ?» አልኩት። አልሰማኝም መሰለኝ፤ ደግሜ ጠየቅኩት።

«ብየዳ ከያዘው አይዞርም፤ ካልያዘው ይወጣል። ሌላ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። እናንተ ሰፈር ገደል አለ እህቴ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ይህ እስኪቀየር እንዳይነዱት ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ነገርኩት። የተባልኩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አባቴ አዲሶቹን ፒኖች በጣቱ እየዳበሰ ሰማኝና «በልግስ ይጠብቀኛል ወይ?» አለ።

ፒኖቹንና ቡሾቹን ገጠምን፤ ዳዶዎቹን አጠበቅን፤ ግራሶ ቀባን። የቀኙ ጎማ አዲስ ሆነ። የግራው ላይ ስንደርስ አባቴ ወደ ጎታው ሄዶ ምራን ይዞ መጣ። ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት የጥሬ ቆዳ ጠፍር ነው። ውሃ ውስጥ አድሮ ሲያስሩት ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ግን እየተኮማተረ ብረት ይሆናል። ውሃ ውስጥ አሳደረውና በማግስቱ ኳሷ እንዳትወጣ ከሥር የወይራ ሽብልቅ ሰክቶ፣ ምራኑን ዙሪያውን ጠምጥሞ፣ በጥርሱ ጭምር ስቦ አሰረው።

ፀሐይና ንፋስ አደረቁት። አባቴ ትራክተሩን አስነስቶ ግቢውን ዞረበት። ከዚያ እኔን «ውጪና ሞክሪው» አለኝ። ተቀምጬ መሪውን ነካ ሳደርገው ጎማዎቹ እኩል ዞሩ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ይህን ጊዜ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ተነሳ እንዴ?»

«ነገ ማሳ ድረስ ና፤ ታየዋለህ» አለው አባቴ።

ሲነጋ ጉም ነበር። እኛ ጋ ጉም ከገደሉ ሥር ነው ተነስቶ የሚመጣው፤ ሳይዘንብ ያረጥባል። አባቴ ይነዳል፤ እኔ ዘሩን ተሸክሜ ከኋላው እከተላለሁ። መንገዱ የሚጠብበት ጋ ስንደርስ ቀደም ብዬ አጎንብሼ ምራኑን አየሁት። ነጥቷል፤ አብጧል። ስነካው ጣቴ ገባ።

«አባዬ፣ ርሷል!»

ወርዶ ዳሰሰው። «ማሳው ላይ ፀሐይ ያገኘዋል።»

«እንመለስ።»

«በየት ዞሬ? ደግሞ ሰውዬው ታች እየጠበቀኝ ነው።»

ሞፈር ላይ ምራን ሲላላ በሬው ይቆማል፤ አራሹ አጥብቆ አስሮ ይቀጥላል። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። ትራክተሩም የሚቆምለት መስሎት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጥቂት እንደሄደ መሪውን ወደ ቋጥኙ ሲያዞረው አየሁ። የቀኙ ጎማ ታዘዘው። የግራው ወደ ገደሉ ዞረ። አባቴ መሪውን ደጋግሞ አዞረ፤ ከዚያ ትራክተሩ ተጋደመና ከዓይኔ ጠፋ። ሞተሩ ከታች ለትንሽ ጊዜ ጮኸ።

አባቴ የወደቀው ከመንገዱ ሥር ባለች እርከን ላይ ነበር፤ ትራክተሩ ደረቱ ላይ ተኝቶበታል። መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤታችን ነው። ሰዎች ጠርቶ በአጣና አነሱለት። ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ይዞ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ለማንም ሳይለቅ ወጣ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አንድ ሌሊት አደረ። ጠዋት ጎረቤታችን ውሃ ሊገዛ ሲወጣ አባቴ በዓይኑ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ስለነበር የሚለው ቶሎ አልገባኝም።

ለቅሶ ላይ የጠየቀኝ ሁሉ የሰማው እሱ ያለኝን ነው። ጎረቤታችንም ጠይቆኝ ያንኑ መለስኩለት። ዝቅ ብሎ መሬት መሬት አየ፤ አመነኝ አላመነኝም አላውቅም። ከመሞቱ በፊት አባቴ ያለኝ ይህ ነው፦

«ሲጠይቁሽ ምራኑ ርሶ ነው አትበይ። ጉሙ መንገዱን ከለለበት በይ።»