ዙና ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ያመጣችው ስጦታ

ዙና የአክስቷን ልጅ ሠርግ በድግምት በተነችው እያለ የስሪናጋር መዳብ ቀጥቃጮች ሰፈር ያወራል። ሐሰት ነው። ድግምት ከየት አባቷ ታውቃለች? ሠርጉን የበተነችው በሽንት ነው።

ዙና ለአክስቷ፣ ለአባቷ እህት ለፋዚ ልጅ፣ ለሾውከት ታጭታ ነበር። እጇ መንቀጥቀጥ፣ የኩላሊት ጠጠርም ወገቧን መውጋት ሲጀምር ፋዚ እጮኝነቱን አፈረሰችው። ማፍረሷ ሳያንስ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ፣ «የወንድሜ ደም ንጹሕ ነው፤ በሽታውን ያመጣችው ያቺ መጤ እናቷ ናት» ስትል ከረመች። እናቷ አንገቷን ደፍታ ዳቦ መግዛት ጀመረች። ዙናን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ሾውከትማ ቢቀርም የሚያስለቅስ ወንድ አልነበረም።

ሐኪሙ ሌላ ነገር ነገራት። ሰውነቷ ከምግብ የሚያገኘውን መዳብ ማስወጣት አይችልም፤ ጉበቷን ሞልቶ ኩላሊቷን ይሸረሽራል። በሽታው የሚይዘውም ከአባትም ከእናትም የወረሰን ብቻ ነው።

«ከሁለቱም?» አለችና ሳቋ አመለጣት።

መዳቡን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኑ ራሱ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የሙሉ ቀን ሽንቷን አጠራቅማ ለምርመራ ትወስዳለች። በወንዙ በኩል መንገዱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ጄሪካኗን ታቅፋ በፋዚ ደጅ ትዞራለች።

«ምንድን ነው የያዝሽው አንቺ?»

«መዳብ ነው፣ እትዬ። ግማሹ የእናቴ፣ ግማሹ የወንድምዎ። እስቲ ንጹሑን ይለዩልኝ!»

ሾውከት ሌላ ታጨለት። ከሠርጉ በፊት በሚደረገው የሒና ዕለት ሴቶቹ እየዘፈኑ ሳለ ዙና ገብታ አዲስ ባዶ ጄሪካን ሙሽራው እግር ሥር አኖረች።

«እሱም ጠጠር ያወርዳል፤ እጁም ሻይ ይደፋል። ባልዎ ደግሞ የአጎትዎ ልጅ ናቸው፣ እትዬ፤ እሱም ከሁለታችሁ ወርሶት ይሆናል። ያስመርምሩት።»

«ምቀኛ! ባል ያጣሽ!»

«አላጣሁም፤ እርስዎ ነጠቁኝ እንጂ።»

የሙሽሪት አባት ይህን ሰምቶ፣ ሳይመረመር ልጄን አልሰጥም አለ። ሾውከት ተመረመረ፤ ያው በሽታ ሆነ። ኩላሊቱ ብዙ ሳይጎዳ ተደርሶበት ኪኒኑን ጀመረ። ሙሽሪት ግን ቀረች።

ከርሞ ፋዚ እነዙና ቤት መጣች። በዙና እናትና በጎረቤቶች ፊት የዙናን እጅ ይዛ አለቀሰች።

«ልጄን አተረፍሽልኝ! አንቺን የላከሽ አላህ ነው፤ ልብሽ ወርቅ!»

ዙና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«የሒናው ዕለት የመጣሁት እሱ እንዲድን አይደለም፣ እትዬ፤ እርስዎ እንዲዋረዱ ነው። የማይድን ቢሆንም እመጣ ነበር።»