ኳስ የማይለቀው ሰው

አሰልጣኛችን አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ ፊሽካ፣ ሰማያዊ ደብተርና «ዘመናዊ ኳስ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ፊሽካው ደህና ፊሽካ ነበር። ከዚያ በፊት ሰውየው የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበር። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር ሥራውን በቅርብ አውቀዋለሁ። ተማሪዎቹን ሜዳ ያወጣና ኳስ ወርውሮላቸው እሱ ጥላ ሥር ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ደወል ሲደወል ጋዜጣውን ያጥፋል። የዕለቱ ትምህርት በዚሁ ያበቃል።

ደርግ ከወደቀ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከነበሩት ቡድኖች በአንዱ እጫወት ነበር። ቡድናችን የመምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞችና የባለሱቆች ስብስብ ነበር፤ ግማሾቻችን ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን ነን። እኔ የግራ ክንፍ ነበርኩ። ፈጣን አልነበርኩም፤ ጠንካራም አልነበርኩም። ፀጉሬን ግን አበጥሬ ነበር ሜዳ የምገባው።

ከመካከላችን እውነተኛ ኳስ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ መምህርም የቢሮ ሠራተኛም አልነበረም፤ የከተማው እህል መጋዘኖች ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አጭር፣ አንገቱ የወፈረ፣ ባቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። በቆሎ ከጋሪ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አይሱዙ ሲያመላልስ ይውልና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀጉሩ ላይ ያለውን የእህል ብናኝ እንኳ ሳያራግፍ ሜዳ ይመጣል። እኛ እስክናሟሙቅ እሱ ተቀምጦ ይጠብቀናል። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሞቆ ነው የመጣው።

አጨዋወቱ ቀላል ነበር። ኳሷን ይሰጡታል፤ ይዟት ይሮጣል። ተከላካይ ሲመጣበት ትከሻውን ዝቅ ያደርግና እኛ ክፍተት መሆኑን እንኳ ባላየነው ቦታ ያልፋል። ይመቱታል፤ ይጎትቱታል፤ ሁለት ሆነው ይይዙታል። ቢወድቅ እንኳ ወደ ፊት ነው የሚወድቀው። ሕዝቡ ይህን ለማየት ነበር የሚመጣው። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች አህያቸውን ሜዳው ዳር ያቆሙና እሱ ኳስ እስኪነካ ድረስ ይጠብቃሉ። እሱ ነክቶ ከጨረሰ በኋላ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ኳስ ስይዝ የቆመ ገበሬ አይቼ አላውቅም።

አሰልጣኙ ከኮርሱ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ አሸክሞ ሜዳ አመጣ። የተሸከመው ያው ጫኝና አውራጁ ነበር። አሰልጣኙ ሰሌዳውን ግንድ ላይ አስደግፎ በጠመኔ ክብ ክብ እያደረገ ይሥል ጀመር። ከዚያ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው በዘመናዊ ማጥቃት ውስጥ ቦታው የት እንደሆነ አስረዳን። ኳስ ከሰው ይፈጥናል አለ። ስለዚህ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ጨዋታ ያዘገያል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥራ ከእንግዲህ ኳስ መያዝ ሳይሆን ያለ ኳስ እየሮጠ ተከላካዮችን ወደ ራሱ መሳብ ነው። ኳሷ እሱ ባስለቀቀው ቦታ በኩል ለክንፎቹ ትሄዳለች። ድንገት እሱ ጋ ብትደርስ እንኳ በአንድ ንክኪ መመለስ አለበት። አሰልጣኙ ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ከሰማያዊው ደብተር አልተነሳም።

ሐሳቡ ውሸት አልነበረም። ንቀቴም ለሐሳቡ አይደለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዲሽ ቤት ተቀምጬ የውጭ ጨዋታ ሳይ እዚያም ሯጩ ያለ ኳስ ሲሮጥ አየሁ። ያለ ኳስ አሥሬ የሚሮጠው ግን አሥራ አንደኛው ላይ ኳሷ እንድትሰጠው ነው። ተከላካዩ አሥር ጊዜ ተታሎ ሲደክመው ያን ጊዜ ይለቁበታል። የእኛ አሰልጣኝ ይህን ሁለተኛ ገጽ አልገለበጠውም። ወይ ኮርሱ ላይ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፤ ወይ ጠመኔው አልቆ ነበር።

ለእኔ ግን ዘመናዊ ኳስ ተስማማኝ። ጫኝና አውራጁ ባዶውን ወደ መሃል ይሮጣል። እሱን የሚያውቁት የከተማው ቡድኖች ሦስት ሆነው ይከተሉታል። ኳሷ ለእኔ ትመጣለች፤ ከፊቴ ሰው የለም። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጎል አገባሁ። መንገድ ላይ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ቆም እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። አሰልጣኙ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ከተማውን ሲዞር እኔም እውነት የመሰለኝ ጎበዝ መሆኔ ነበር። ጫኝና አውራጁ በየጨዋታው መጨረሻ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ይወጣል። ኳስ ሳይዝም ይመቱት ነበርና።

ነገሩ የተበላሸው ሽንዲ ላይ ነው። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ በአይሱዙ ላይ ቆመን ጭቃ ለጭቃ ሄድን። የሽንዲ ልጆች የእኛን ሰው አያውቁትም። ስለማያውቁትም አልተከተሉትም። እሱ እንደታዘዘው ወደ ግራ ይሮጣል፤ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሦስቱም ተከላካዮች እኔ ላይ ቆሙ። ኳስ በመጣልኝ ቁጥር ይነጥቁኛል። ለአንድ ሰዓት ያህል ያ ሰው ጭቃ ውስጥ ብቻውን ባዶውን ሮጠ። እኛም አንድ ለባዶ ተመራን። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ ደብተሩን ከፍ አድርጎ «ሳብ! ሳብ!» ይላል። የሚሳብ ሰው ግን አልነበረም።

መጨረሻው ሲቃረብ ኳሷ እኔ ጋ ነበረች። መጥቶ ከእግሬ ሥር ወሰዳት። የገዛ ቡድኔ ሰው ነጠቀኝ ማለቴ ነው። ከመሃል ሜዳ ተነሳና አንዱን በትከሻው፣ ሌላውን በፍጥነት አልፎ፣ ሦስተኛው ወገቡን ይዞት እየተንፏቀቀ እስከ ጎሉ አፍ ድረስ ወስዶት አገባ። የሽንዲ ሰው እንኳ አጨበጨበ። አሰልጣኛችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀየረው። ዕቅድ ጥሷል ብሎ አስወጣው። የቀረችውን ጊዜ እኛ ዘመናዊ ኳስ ተጫውተን አንድ እኩል ወጣን።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በግምገማ ነበር። ወተት ቢገነፍል ግምገማ የሚጠራበት ዘመን ነው። አሰልጣኙም በሳምንቱ እሑድ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰበሰበን። ራሱ ሰብሳቢ ሆነ፤ ከንግድ ቢሮ የመጣውን በረኛችንን ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገው። አጀንዳው አንድ ነበር፦ ግለኝነት። ሁላችንም በየተራ ተነስተን ሂስ ማቅረብ ነበረብን። አንዱ ኳስ አይለቅም አለ። ሁለተኛውም ኳስ አይለቅም አለ። በረኛው እየጻፈ «ኳስ አይለቅም» ብሎ ደገመ። ያ ሁሉ ጎልማሳ፣ ደመወዙንና ዲግሪውን ይዞ፣ አንድን ጫኝና አውራጅ አስቁሞ ኳስ አትለቅም ይለዋል።

ተራው የእኔ ሆነ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ተቃውሞም ቢኖረኝ የሚያስረኝ አልነበረም። ተነሳሁና ኮቴን ቆልፌ፣ ጓዳችን በጉልበቱ እንጂ በጭንቅላቱ አይጫወትም አልኩ። ጨዋታ ኩንታል መሸከም አይደለም ብዬም ጨመርኩበት። አንዳንዶቹ ሳቁ። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀልኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተባለው ሁሉ የከፋው የእኔ ነበር፤ የተናገርኩትም በጥሩ አማርኛ ነበር።

ጫኝና አውራጁ የተማሪ ዴስክ ጠብቦት በጎኑ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየ። አሰልጣኙ ግለ ሂስህን አቅርብ ሲለው ተነስቶ ጋቢውን አስተካከለ።

«አልለቅም ማለቴ ጥፋት ነው፤» አለ ረጋ ብሎ። «አሰልጣኝ፣ እርስዎም ጓደኞቼም እንዳላችሁት ይሁን። ይኸው ዛሬ ለቅቄያለሁ። ይጻፍልኝ።»

ተጻፈ። አሰልጣኙ ስህተቱን በቅንነት ተቀብሏል ብሎ አመሰገነው፤ አጨበጨብን። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። የተናገረው ስለ ኳሷ ሳይሆን ስለ ቡድኑ እንደነበር የገባን ያን ጊዜ ነው። የዲግሪ ባለቤቶች የአንድ ወዛደርን ቅኔ ለመፍታት አራት ቀን ፈጀብን። የፈታውም ከእኛ አንዱ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ወሬውን ሰምቶ እየሳቀ የነገረን።

ቡሬ ሄደ። ቡሬ የእህልና የበርበሬ አገር ስለሆነ ለትከሻው ሥራ አላጣም። ለእግሩም ቡድን አገኘ። እዚያ ቡድን የሚያሠለጥኑት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ኮርስ የሚባል ነገር አልወሰዱም፤ ደብተርም አልነበራቸውም።

በዓመቱ ቡሬዎች እኛ ሜዳ መጡ። አሰልጣኛችን እንዳንጨነቅ ነገረን፤ የመጣው ያው ኋላ ቀር ኳስ ነው አለ። ለእኔ ግን ለብቻዬ፣ ሰውዬውን ስለማውቀው ወደ ኋላ ተመልሼ እንድይዘው አዘዘኝ። ጨዋታው ሲጀመር ግራ ገባኝ። የቡሬ ክንፎች እስከ መስመሩ ድረስ ሰፍተው ቆሙ። ኳሷ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ተከላካዮቻችን እሷን ተከትለው ተበተኑ። እሱ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ባዶውን ይመላለሳል። እኛ እንዳስተማርነው ማለት ነው። አሰልጣኛችን ከዳር ሆኖ ሳቀ፤ ተምሮ ሄደ ብሎ ነው መሰል። ከዚያ መሃሉ ባዶ ሲሆን ኳሷን ሰጡት።

ደረስኩበት። በእውነት ደረስኩበት፤ ገና ፍጥነት ስላላነሳ። መለያውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። አምስት ስድስት እርምጃ ጎተተኝ። መለያው ተቀደደ፤ እኔ በአፍንጫዬ ተደፋሁ፤ እሱ ጀርባው ራቁቱን ሆኖ ሄዶ አገባ። ቀና ስል እጄ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ነበር፤ ሜዳው ዙሪያ ያለው ሕዝብ በሙሉ፣ የከተማዬ ሕዝብ፣ እኔን እያየ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ሁለት ደገመ። ሦስት ለአንድ አለቀ።

አሰልጣኛችን ሽንፈቱን እንዲህ ተረጎመው፦ ጎሎቹ የተገነቡ አይደሉም፤ የገቡት በጉልበት ነው፤ በአጨዋወት እኛ በልጠናል። እንዲህ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን መሬት አይወድቅም። በዓመቱ የስፖርት ባለሙያ ተብሎ ከእኛ ከተማ ወጣ። ቆይቶ ራሱ ኮርስ ሰጪ ሆነ ሲባል ሰማሁ። በየወረዳው እየዞረ ክብ ክብ ይሥልላቸዋል።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ ግን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሽማግሌው ሹፌር ዘንድ ሄድኩ። አፍንጫዬ ገና ይደማል። ይህን አጨዋወት ከየት እንዳገኙት በትሕትና ጠየቅኋቸው። መሃረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ከእናንተው ነው፤» አሉኝ። «አምና መጥቼ አይቻችኋለሁ። የተጫነ መኪና ሲመጣ መንገድ ታስለቅቅለታለህ። እናንተ የተጫነውን መኪና መንገድ አስለቃቂ አደረጋችሁት። እኔ ገለበጥኩት፤ ሌላ ጥበብ የለኝም ልጄ።»

ጫኝና አውራጁን ከዚያ በኋላ ያየሁት ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለፈተና ቁጥጥር ቡሬ ተልኬ ነበር። በመጋዘኖቹ በኩል ሳልፍ ዕቃ ጫኞቹን ሲያሰማራ አየሁት። ግራ ጉልበቱ አልቋል፤ ሲራመድ ይጥለዋል። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ተጫውቶ አንድ ቀን መራዊ ላይ ሁለት ሰው ወድቆበት አቆመ። እሱም ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ እንዳሰብኩት አልተቆጣም፤ ቤተሰቤን ጠየቀ፤ የሽማግሌውን ሞት ነገረኝ።

ያን ክፍል ለዓመታት ሳስበው ኖሬያለሁና አጋጣሚውን ላጣው አልፈለግሁም። በዚያ ግምገማ ላይ የተናገርኩት ነውር ነበር፤ ይቅር በለኝ አልኩት። 

«አንተም ተናግረህ ነበር?» አለኝ። «እኔ እኮ ሁላችሁም አንድ ነገር ስትሉ ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም።»

ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ኃጢአት ለባለቤቱ ይህን ያህል ነበር። ላስታውሰው አፌን ስከፍት እጁን ዘርግቶ በደረቴ ገፋ አደረገኝ፤ ከኋላዬ አይሱዙው ለጭነት ወደ መጋዘኑ በር እየተጠጋ ነበር። ዞር በል አለኝ። ዞር አልኩ።