ከአክስቴ ሉባባ ጋር የተራመድኩበት በጋ

አሁን በምኖርበት በኮምቦልቻ ጎረቤቶቼ ቤት ሊሠሩ በራቸው ላይ አሸዋ አስገልብጠው፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥልበት አድሮ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ያ የእርጥብ አሸዋ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ሳላስበው ቆም እላለሁ። ሐይቅ ከተማ በነበረው ቤታችን፣ ከእናቴ አልጋ ሥር የምትቀመጠው ማሰሮ እንደዚሁ ነበር የምትሸተው። እናቴ ከሐይቁ ዳር ያመጣችውን አሸዋ ሞልታባት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እየረጨች፣ የእኔን የኢንሱሊን ብልቃጥ በላስቲክ ጠቅልላ መካከሉ ላይ ትቀብረው ነበር። ፍሪጅ አልነበረንም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም።

የታመምኩት በአሥር ዓመቴ፣ ክረምቱ ሲበረታ ነው። ብጠጣ ብጠጣ የማይቆርጥ ጥም ያዘኝ፣ ትልቅ ልጅ ሆኜ አልጋ ላይ መሽናት ጀመርኩ፣ በልቼም እየከሳሁ ሄጄ ቀሚሴ ከትከሻዬ ይንሸራተት ጀመር። እናቴ መጀመሪያ የሆድ ትል መስሏት መድኃኒት ገዛችልኝ፣ ቀጥላ የሰው ዓይን ነው ብላ ቁርኣን አስቀራችብኝ፣ በመጨረሻም አንድ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አቅቶኝ ትንፋሼ ሲፋጠን ጊዜ አባቴ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎኝ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሆስፒታል ስንት ቀን እንደቆየሁ አላስታውስም። ሐኪሙ ለወላጆቼ በረንዳ ላይ የነገሯቸውንም አልሰማሁም። እናቴ ግን ዓይኗ ቀልቶ ተመልሳ «ስኳር ነው አሉ፤ እስክትድኚ ድረስ መርፌ ትወጊያለሽ» አለችኝ፤ እኔም ይህን «እስክትድኚ» የሚለውን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናቴ ነርሷ ብርቱካን ላይ ያለማመደቻትን መርፌ ጠዋትና ማታ ትወጋኝ ነበር። አባቴ በውጫሌና በሐይቅ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ኩንታል ብቻውን አንስቶ መኪና ላይ የሚጭን ሰው ነበር፤ መርፌው ሲወጣ ግን አንዳች የረሳው ነገር ያለ ይመስል ጫማውን አጥልቆ ከቤት ይወጣ ነበር። እኔም ጭኔን ገልጬ የእርምጃውን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ እሱን ከቤት የማስወጣው እኔ እንደሆንኩ እያሰብኩ፣ ሳላለቅስ እወጋ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። አብራኝ የምትቀመጠው መሪማ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ቆሎ ከአንድ ኪስ የበላን ጓደኛሞች ነን። መርፌ እንደምወጋ እናቷ ሰምታ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ሄደች። ምን አደረግኩሽ ብዬ ስጠይቃት «እማ ስኳሩ ይጋባብሻል አለችኝ» ብላ ዓይኗን ሰበረች። መምህራችን በትምህርት መሐል ዳቦ እንድበላ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ግን ዳቦዬን ባወጣሁ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ስለሚያየኝ፣ እያስፈቀድኩ እየወጣሁ ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ብቻዬን እበላ ነበር።

የዚያ ዓመት ረመዳን ጥቅምት ላይ ዋለ። እኩዮቼ ጾም የሚለማመዱበት ዕድሜ ነበርና ስንት ቀን እንደጾሙ እየተነጋገሩ ሲኩራሩ እኔ የምለው ነገር አልነበረኝም። መሪማ ስድስት ቀን ጾማለች ሲባል የሰማሁ ዕለት እኔም ልጹም ብዬ ወሰንኩ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮዋ ወግታኝ፣ ቁርሴን አቅርባልኝ ወደ ጓሮ ስትወጣ እንጀራውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ በመንገዴም ለጎረቤት ፍየል ሰጠሁት። መርፌ ተወግቶ አለመብላት ምን እንደሚያመጣ ተነግሮኛል፤ አላህ የጾመን ልጅ ዝም ብሎ አያይም ብዬ ግን አሰብኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገበያው አጠገብ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የሻይ ቤቷ ሴትዮ ከንፈሬ ላይ ስኳር ስትቀባ፣ አክስቴ ሉባባም ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ይዛ ስትጮህ ነው።

አክስቴ ሉባባ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። በጣም ወፍራም ስለነበረች ሱቋ ውስጥ ስትዞር ጣቃዎቹ ይወድቁባት ነበር። ያን ዕለት እኔን ቤት አድርሳ እናቴን «ልጅቷን መርፌ አስለምዳችሁ ገደላችኋት» አለቻት። ከዚያ ጀምሮ እስከ ኢድ ድረስ እናቴ ምሳዬን መኝታ ቤት ውስጥ አቅርባ፣ ጿሚ እንዳያይሽ ብላ በሩን ዘግታብኝ ትወጣ፣ እኔም ከውጭ የሰዉን ድምፅ እየሰማሁ እህሉን ሳላጣጥም እውጠው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ብርዱ ሲጠነክር፣ አክስቴ እግሯ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሏት ደሴ ሄደች። ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ እኛ ቤት መጥታ፣ እናቴን ሰላም ብላ፣ እኔ የተቀመጥኩበት መደብ ላይ እየተነፈሰች ተቀመጠች።

«ያማል እንዴ መርፌው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ብቻ ነው» አልኳት።

ከቦርሳዋ እንደኔው ያለ የኢንሱሊን ብልቃጥ አወጣች። እናቴ ማሰሮዋን ከአልጋ ሥር ስባ አመጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ጠዋት ጠዋት እየመጣች፣ መጀመሪያ እኔ ጭኔን ስወጋ እያየች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሆዷን ትወጋ ነበር። ራሴን መውጋት የለመድኩት ለእሷ ለማሳየት ስል ነው።

ሐኪሙ ክብደት እንድትቀንስና በየቀኑ እንድትራመድ አዘዋት ነበር። በእኛ ከተማ ግን አንዲት ትልቅ ሴት ጉዳይ ሳይኖራት መንገድ ለመንገድ ስትሄድ ሰው ወዴት ነው ሳይላት አያልፍምና፣ እኔን ይዛኝ መውጣት ጀመረች። የሚጠይቃት ሲኖር «ልጅቷን ላናፍሳት ነው» ትላለች። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ወርደን፣ መረብ የሚጎትቱትን ዓሣ አጥማጆች እያየን በዳርቻው ተራምደን፣ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት እንመለስ ነበር። ድንገት ከደከመኝ የምቀምሰው ስኳር በሻሼ ጫፍ ይቋጠር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አክስቴ አሥር እርምጃ ሄዳ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ጥር ሲያልቅ ቆማ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። በሻይዋ ስኳር ማድረግ ተወች፣ ቅቤውንም ተወች፣ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠበበች።

የገበያው ሰው ግን መክሳቷን እንደ ሐዘን ቆጠረው። ሴቶቹ ሱቋ ድረስ እየመጡ «ሉባባ፣ ምን አገኘሽ? ምን ነካብን ያንን ገላሽን?» እያሉ ከንፈር ይመጡላት ነበር። አንድ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ደርሰን «ወላሂ፣ ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጡልኝ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም እጇን ያዝኩ። ለእኔ ያ በጋ ከታመምኩ ወዲህ ብቻዬን ያልሆንኩበት ጊዜ ነበር። በልቤም፣ እሷ ስትድን እኔም እድናለሁ፣ አብረን አይደል የምንራመደው፣ እል ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲያባራ አክስቴ ለቀጠሮዋ ደሴ ሄዳ እየሳቀች ተመለሰች። ስኳሯ ወርዷል፣ መርፌው ቀርቶ ክኒን ብቻ እንድትወስድ ተነግሯታል። እናቴ እልል አለች፣ አባቴም «አልሐምዱሊላህ» እያለ የእህቱን ግንባር ሳመ። እኔ ከመካከላቸው ወጥቼ ጓሮ ከሸንኮራው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ተከትላኝ መጣች።

«እኔስ መቼ ነው የሚቀርልኝ?» አልኳት።

አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «የኔና ያንቺ ስኳር ስሙ ነው እንጂ አንድ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪሙን ጠይቄያቸዋለሁ። ያንቺ ሰውነት መድኃኒቱን በራሱ አይሠራም፤ ያንቺ አይቀርም፣ የኔ እናት። እናትሽ መንገሩ ከብዷት ነው።»

የተናገረችው እውነቱን ነው፣ እውነቱንም የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ግን በማን እንደምቆጣ ስላላወቅኩ በእሷ ተቆጣሁ። ጠዋት ከበራችን ቆማ ስትጠራኝ የተኛሁ መስዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ትንሽ ጠብቃ ብቻዋን ስትሄድ የእግሯን ኮቴ እሰማ ነበር። ክረምቱ እንደዚያው አለፈ። አንድም ቀን ግን መጥራቷን አልተወችም፤ ጭቃው ሲበዛ እንኳ ዣንጥላዋን ዘርግታ በራችን ላይ ትቆም ነበር።

በተከታዩ ዓመት ረመዳን ሲገባ አክስቴ ክኒኗን በሌሊቱ ሱሁርና በማታው ኢፍጣር ሰዓት እየወሰደች እንድትጾም ሐኪሟ ፈቅደውላት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ እንደ አምናው መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግቶብኝ እንጀራዬን እያላመጥኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። አክስቴ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው። በሩን ስትገባ አልመለሰችውም።

«ይከፈት» አለች፤ «የሰረቅሽው ነገር የለም።»

«አንቺ ጾመሻልኮ» አልኳት።

«እኔ በጾሜ አላህን እታዘዛለሁ፤ አንቺ በመብላትሽ ትታዘዢዋለሽ። ብዪ አሁን።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ሱቋ፣ ቀለሙ ስለለቀቀባት ጣቃ፣ ስለ ገበያው ሰው እያወራች ጨርሼ እጄን እስክታጠብ ቆየች። በማግስቱም መጣች፤ ወሩን ሙሉ አልቀረችም። ኢድ ካለፈ በኋላ ጠዋት ስትጠራኝ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ላይ እየጠበቅኳት ነበር።

አክስቴ ሉባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ እኔን ድራ፣ የመጀመሪያ ልጄን አቅፋ ነው ያረፈችው። ዛሬ ፍሪጅ አለኝ፣ ስኳሬን ቤቴ ቁጭ ብዬ የምለካበት መሣሪያ አለኝ፣ የምወጋበትም እንደ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ የማይለይ ቀላል ነገር ነው፤ በሽታው ይጋባል ብሎ ዴስክ የሚቀይርብኝም የለም። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ በረመዳን የምሳ ሰዓቴ ሲደርስ እንዳልሳቀቅ ብሎ ልጆቹን ይዞ ይወጣልኛል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም እንደዚሁ አንድ በአንድ ተነሥተው ክፍሉን ይለቁልኛል። ሁሉም ለእኔ አስበው እንደሆነ ስለማውቅ አመሰግናቸዋለሁ፣ ከዚያም ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የጾመች ሴት በቀትር ፀሐይ ተጉዛ መጥታ፣ በልቼ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር።