ከወረቀት አፈር ያበጁት መምህር ታደለ

በአሶሳ ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማሩት ጋሽ ታደለ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ያስተማሯችሁም፣ በጎረቤትነት የምታውቋቸውም፣ ከጓሯቸው ጎመንና ባሚያ የቀመሳችሁም ሁሉ፣ ኀዘኑ የጋራችን ነው። እኔ ሀዋ እባላለሁ፤ የሼህ ኢድሪስ ልጅ ነኝ። ተማሪያቸው ነበርኩ፣ አጥራችንም አንድ ነው። ስለ ማስተማራቸው ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ ብዙዎች አሉ። እኔ የምጽፈው የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ በኋላ ስለሠሩት ሥራ ነው። በቅርብ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ጋሽ ታደለ ወጣት መምህር ሳሉ ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር መጥተው እዚሁ ቀሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ የዓይን ግፊት ያዛቸው፤ ሕክምናው ዘግይቶ ስለነበር ቀስ በቀስ ፈጽሞ ጨለመባቸው። ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ ይስሉልን የነበሩት ሰው፣ ከአልጋ ተነሥተው በሩን ለማግኘት ግድግዳ የሚዳብሱ ሆኑ። ኋላም መዳበሱን ተዉትና ተኙ። ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ምግቡን ይዘው ይገባሉ፤ ሳይነካ ይዘውት ይወጣሉ። አባቴ አንድ ቀን ሊጠይቋቸው ገብተው ሲወጡ በዚያች በሚያውቋት ጥቂት አማርኛቸው፣ «መምህር እዚህ አለ፣ ግን ሄደ» አሉኝ።

በዚያ ክረምት ምስጥ በጓዳው ግድግዳ ወጣ። በአገራችን ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማናችሁም መንገር አያሻኝም። ጓዳው የጋሽ ታደለ የዕድሜ ልክ ወረቀት የተከመረበት ነበር፤ የፈተና ወረቀት፣ የትምህርት ማስታወሻ፣ አሮጌ ጋዜጣ። እትዬ ዝናሽ ሁሉንም አውጥተው ጓሮ ከመሩትና ክብሪት ጫሩ። ላግዛቸው ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጢሱ ወደ ቤት ሲገባ ጋሽ ታደለ ለወራት ያልተሻገሩትን ደፍ ተሻግረው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ።

«ዝናሽ፣ ምንድን ነው የምታቃጥዪው?»

«ወረቀቱን ነዋ! ቤቱን ምስጥ ሊበላብኝ ነው።»

«አጥፊው።»

«ለማን ብዬ? ማን ሊያነበው?»

ቃሉ ካፋቸው እንደወጣ እትዬ ዝናሽ ደነገጡ። ጋሽ ታደለ ግን አልተቆጡም። ልክ ክፍል ውስጥ እንዳሉ፣ «ወረቀት እንጨት ነበር» አሉ። «እንጨት ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ አፈር ይሆናል። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬ አንድም ቀን በእጄ አልሞከርኩትም። አጥፊው፣ እንሞክረው።»

ባልዲ አንሥተን አጠፋነው።

ጓሯቸው ጓሮ ለመባል የማይበቃ ነበር። መንገድ ሲሠራ ላዩ ተዝቆ ተወስዶ የቀረው ገረጋንቲ ነው፤ አረም እንኳ አይበቅልበትም። ጋሽ ታደለ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን በቀጭን በቀጭኑ መቅደድ ጀመሩ። ወረቀት በአንድ ወገን ቀጥ ብሎ እንደሚቀደድ፣ በሌላው ወገን ግን እንደሚጣመም ከእሳቸው ተማርኩ። ቀጥ የሚልበትን ወገን በጣታቸው ወዲያው ያገኙታል። የሚያንሸራትተውን የመጽሔት ወረቀት፣ ፕላስተር ያለበትን፣ ሽቦ የተሰካበትን ዳብሰው ይለያሉ። «ይህ አፈር አይሆንም» ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል።

ከመቅደዳቸው በፊት ግን «አንብቢልኝ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «የምድር ወገብ ምንድን ነው?» የሚል የፈተና ወረቀት አነሣሁ። ተማሪዋ «ምድር ቀበቶዋን የምትታጠቅበት ቦታ ነው» ብላ መልሳለች። ጋሽ ታደለ ወረቀቱን እንደያዙ ከት ብለው ሳቁ። እትዬ ዝናሽ ከማጀት ሮጠው መጡ፤ ያን ሳቅ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! «ይህች የባምባሲዋ ልጅ ናት፤ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ሆናለች» አሉ። ስሙን ሳልጠራ መልሱን ብቻ ሰምተው ባለቤቱን የሚያውቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊቱን፣ መቀመጫውን፣ የአባቱን ሥራ ይነግሩኛል፤ ከዚያ ወረቀቱን በእርጋታ ይቀድዱታል። በዚያን ሰሞን ምሳቸውን መብላት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ክምር አልሆነም። ዝናቡ ደብድቦት፣ በመንሽ ስንገልጠው እንደ ሊጥ ተጣብቆ ይከረፋል። እትዬ ዝናሽ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። ጋሽ ታደለ እጃቸውን ሰደው ነካኩትና፣ «አየር አጥቶ ነው። ወረቀት ብቻውን ሲተኛ ይታፈናል» አሉ፤ እጃቸውን እያራገፉ ደግሞ፣ «ሰውም እንደዚያው ነው።»

ይህን ጊዜ አባቴ ከአጥሩ ማዶ፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ መምህር!» ብለው ተጣሩ። «ወረቀት ብቻ አይሆንም። አህያ የእኔ አለ፣ ፋንድያ ብዙ ነው። የቀርከሃ ቅጠልም አለ። ቀላቅል!»

«ምስጡስ ሼህ ኢድሪስ?»

«ምስጥ ዝም ያለ ነገር ይወዳል። ነካ ነካ አድርግ፣ እሱ ይሄዳል።»

እንዲሁ አደረጉ። ወረቀቱን እየጨማደዱ፣ ከፋንድያና ከቅጠል ጋር እያፈራረቁ ከመሩት፤ በየሦስት ቀኑም ያገላብጡት ነበር። አንድ ጠዋት ድምፃቸው ተለውጦ ጠሩኝ። «ሀዋ፣ ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።» እጄን ይዘው ወደ ክምሩ መሐል ከተቱት። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ገላ ይፋጅ ነበር። እሳት የለ፣ ፀሐይ አልወጣ! እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ጋሽ ታደለ የራሳቸውን እጅ እዚያው እንዳደረጉ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ «ተመስገን፣ እየሠራ ነው» ይላሉ። ያን ፊት እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ከወራት በኋላ ክምሩ ሲከፈት ጥቁር፣ ልል፣ የመጀመሪያ ዝናብ የሚሸት አፈር ሆኖ ጠበቀን። በእጄ እየበተንኩ አንዲት ፊደል ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ካርቶኑን፣ የስኳር ከረጢቱን፣ የልጆቹን ያለቀ ደብተር ወደ ጋሽ ታደለ በረንዳ ማምጣት ለመደ። ገረጋንቲው ከዓመት ዓመት እየተሸፈነ ሄደ። ጎመን፣ በርበሬ፣ ባሚያ በቀለ፤ በሩን ያንኳኳ ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከቀዬው በተፈናቀለበት ጊዜ አስካለ የምትባል እናት ልጆቿን ይዛ እኛ ግቢ ተጠግታ ነበር። አንድ ቀን ወደ አጥሩ ተጠግታ ጓሯቸውን ስታይ ጋሽ ታደለ የእግሯን ኮቴ ሰሙ።

«ማነሽ? ግቢ እንጂ።»

«ማሳዬ ትዝ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ። አሁን መሬት የለኝም።»

«መሬት እንኳ እኔም የምሰጥሽ የለኝም» አሏት። «አፈር ግን አለኝ።»

ለበርበሬያቸው መደብ ብለው ያዘጋጁትን፣ ዓመት የለፉበትን ምርጥ አፈር፣ አንገታቸው በተቆረጠ ጄሪካኖች ሞሉላት። ችግኙንም በእጃቸው ተከሉላት። እትዬ ዝናሽ «ለእኛስ?» ሲሉ፣ «እኛ ነገም እዚሁ ነን። እሷ ግን ይዛው የምትሄደው ማሳ ያስፈልጋታል» አሉ። የእሳቸው መደብ በዚያ ዓመት ባዶውን ከረመ።

ሰላም ወርዶ ወደ ቀዬ የሚመልሳቸው መኪና ሲመጣ፣ ሌላው ፍራሹን ሲጭን አስካለ ጄሪካኖቿን አቀረበች። የመኪናው ረዳት ሳቀባት።

«አፈር ጭነሽ የት ልትሄጂ ነው? እዚያ አፈር የለም?»

«አለ» አለችው። «ይኼኛው ግን ተለፍቶበት የተሰጠኝ ነው።»

ረዳቱ ሳቁን ዋጠ። ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ፣ እንዳይደፉ በፍራሾቹ መሐል ደገፋቸው። ጋሽ ታደለ ዘንጋቸውን ይዘው፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ መንገዱ ዳር ቆሙ። አስካለ ዛሬ በቀዬዋ ባሚያ ታመርታለች፤ ለቀብሩም ሌሊቱን ተጉዛ ደርሳለች።

ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። አባቴ፣ «ወንድሜን ሰላም በይልኝ» ብለውኛል። ስለ እትዬ ዝናሽ አይስጉ፤ ብቻቸውን አንተዋቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት ያበጁትን ጓሮ አንድ ቀን እንኳ በዓይንዎ አላዩትምና ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ልንገርዎ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ጤዛ ሲያርፍበት ያበራል። ባሚያው ቢጫ አበባ አውጥቷል፤ የአበባው መሐል እንደ ወይን የጠቆረ ቀይ ነው። በርበሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ብቻ ቀልቷል። ጎመኑ ላይ ነጭ ቢራቢሮ አርፋ ነበር። ያምራል፣ ጋሼ። ከነገርንዎ ሁሉ በላይ ያምራል።