የወልደኢየሱስ ባሕር

ወልደኢየሱስ የአማርኛ መምህር ነው። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ሸበተ፤ ከእንፍራንዝ ላይ ሆኖ ጣናን ከማየት በቀር ባሕር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ግጥም ሲጽፍ ግን ከባሕር ሌላ ወሬ የለውም። ምን ይደረግ፣ ልክፍት ነው። አራዳ ያሉት የግጥም ወዳጆቹ ደግሞ ምሕረት አያውቁም። «መምህር፣ ባሕርህ አይሸትም፤ ሰማያዊ ሰማያዊ ብቻ ይላል» ብለው ይስቁበታል። አብሯቸው ይስቅና ቤቱ ገብቶ ያርራል።

ያን ሰሞን ነው የሠፈሩ ልጅ ኪሩ ከስደት የተመለሰው። ከወልደኢየሱስ ጎረቤት ከእትዬ ባንቺአየሁ ልጅ ከሰጠኝ ጋር ወደ የመን በጀልባ ተሳፍረው፣ ኪሩ ተርፎ ሰጠኝ ሰጥሞ ቀረ። የሠፈር ሽማግሌዎች መከሩ። እናትየው ደም ግፊት አለባቸው፤ መርዶው እሑድ ማለዳ፣ የነፍስ አባታቸው ባሉበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራቸው። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይያዝ። ወልደኢየሱስም «እኔ ምን በወጣኝ» ብሎ ማለ።

ምሎ ሲያበቃ ኪሩን ቤቱ ጠራው። ባሕሩ ምን ይሸት ነበር? ናፍጣና ትውከት። አፍህንስ ምን ምን አለህ? ጨው፤ ከንፈራችንን ሰነጣጠቀው። ሲሰጥም ምኑን ያዝክ? ሹራቡን፤ እናቱ ክርኑን በአረንጓዴ ክር የጣፈችለትን። ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደና አመለጠኝ። ኪሩ አለቀሰ። ወልደኢየሱስ ጻፈ፤ የእጁን ይስጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግጥም የሚነበብበት አዳራሽ ሞላ። ሲያነብ እነዚያ ሁሉ አሿፊዎች ጸጥ አሉ፤ ናፍጣው ሸተታቸው፣ አንዱማ ከንፈሩን ላሰ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይሄን ጸጥታ ነበር። ቀና ቢል የገዛ ሚስቱ ፅዮን «ትንሽ ልባቸው ይፍታታ» ብላ እትዬ ባንቺአየሁን ይዛቸው ስትገባ አየ። ከፊት ተቀመጡ። ሹራቡ ገና አልተነበበም። አንድ ስንኝ ቢዘል ምን ይጎድልበት ነበር? ግጥሙ ይጎድልበታላ። አነበበው፤ ክርኑንም፣ አረንጓዴውን ክርም፣ ክብደቱንም፣ አንድም ሳያስቀር።

እትዬ ባንቺአየሁ ተነሡ። «ወልዴ፣» አሉት በቀስታ፣ «ሲሰጥም እናቱን ጠራ?»

 ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው ደረታቸውን ሲመቱ፣ አዳራሹ ግጥሙ ነክቷቸው ነው ብሎ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወልደኢየሱስም እጅ ነሳ።